የሟቹ አጎት ልጅ

መክነስ፣ ሜይ 12 ቀን 2002

ይድረስ ለእታለም ዙሁር፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባታችንም ጉልበታቸውን ከማመማቸው በቀር ደህና ናቸው። መልስ በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። ደጋግሜ ጀምሬ ነበር፤ መሃል ላይ ስደርስ ምን ልል እንደነበር ይጠፋብኛል።

ለምን ስልክ አታነሳም ብለሻል። ተቀይሜሽ አይደለም። ባለሱቁ ዘንድ ሄጄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ የሚመጣው ፊት የሌለው ድምፅ ነው። ያንቺ ይሁን የነዚያ ራሴ ውስጥ የሚያወሩት ለመለየት ጊዜ ይፈጅብኛል። ይህን ለባለሱቁ መንገር አፍራለሁ። ወረቀት ላይ ሲሆን የእጅ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ።

መድኃኒቴ ተቀይሯል። እጄን እንጨት ያደረገው መርፌ ቀረ። አሁን ክኒን ነው፤ ቀትር ላይና ማታ። ክኒኑ ደም ሊጎዳ ስለሚችል ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ደም እሰጣለሁ። የደሙን ውጤት ካላሳየሁ መድኃኒት ቤቱ የሳምንቱን አይሰጠኝም። ወፍሬአለሁ። ማታ ትራሴ በምራቅ ይርሳል፤ ራሴ አጥበዋለሁ።

ቀን ቀን አባታችን ሥራ ቤት ይወስዱኛል። አቧራ እጠርጋለሁ፤ ለግድግዳ ጌጥ የተቆረጠውን ሸክላ በየቀለሙ እለያለሁ። የተደረደረውን አልነካም። ቤናስር፣ ካባታችን ጋር የሚሠራው ጥርሰ ወላቃ፣ ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ፦ «አንተ፣ ያቺ ሐኪም ደምህን በየሳምንቱ እየቀዳች ለማን ነው የምትሸጠው? እኛንም ታስገባን እንጂ!» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። አባታችን አልሳቁም። «ለስኳር ነው በል» ብለውኛል።

ሐኪሜ ዶክተር ሰቃጥ ያለችውን ልንገርሽ። በሽታውን ስኪዞፍሬኒያ ብላ ነው የምትጠራው፤ ድምጿን እንኳ አትቀንስም። «ድምፆቹን ዝም ማሰኘት አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው» አለችኝ። በሽታው አእምሮ ውስጥ ያሉትን ክሮች ይጎዳል፤ ሽቦ ልባሱ ሲላጥ እንደሚሆነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ያ ልባስ መልሶ እንዲያገግም ሳያግዝ አይቀርም የሚሉ አሉ። «አይጥ ላይ ታይቷል። ሰው ላይ ገና እየተጠና ነው። በኔ ስም እንዳትምል» አለችኝ። አልማልኩም። ግን እውነት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ።

ከዚህ በፊት፣ ድምፆቹ በርትተውብኝ ሳለ ስለላክሁልሽ ደብዳቤ ይቅርታ። እኔ አልነበርኩም ልልሽ ነበር። ግን እኔ ነበርኩ።

አላል

•

አጋዲር፣ ጁን 20 ቀን 2002

አላልዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። አዎ፣ ልክ ነህ፤ ሰው አለኝ። ከላክሁልህ ፎቶ ጠርዝ ላይ ግማሽ ትከሻ አይተህ ይህን ሁሉ ከጠየቅክ በእርግጥም እየዳንክ ነው። ሙራድ ይባላል። ወደቡ አጠገብ ዓሣ የሚያቀዘቅዝ ፋብሪካ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ለአባባ እንዳትነግራቸው፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።

ስላንተ ምን እንዳልኩት ጠይቀሃል። እስካሁን አልጠየቀኝም። ስለ ቤተሰብ ብዙ አናወራም። ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

ስለ መድኃኒቱ የጻፍከውን ገጽ ትምህርት ቤታችን ላለችው የሳይንስ መምህርት አሳየኋት። «እኛ ስንማር አእምሮ አንዴ ከተጎዳ አይታደስም ነበር የሚሉን፤ አሁን እንደዚያ አይሉም» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ልጽፍልህ ቸኮልኩ። ከዚያ «የማን ደብዳቤ ነው?» አለችኝ። «የተማሪዬ» አልኳት። «ጽሕፈቱ የጎልማሳ ነው» አለች። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ይህን ባልጽፍልህ ይሻል ነበር። ግን ከጻፍኩት በኋላ መሰረዝ አልፈለግኩም።

ዙሁር

•

መክነስ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002

እታለም፣

ስለ ተማሪሽ አስቄሻለሁ ወይ? እኔን አስቆኛል። ተማሪሽ ጎበዝ ነው፤ ክፍል ግን ደግሟል።

መደርደር ጀመርክ ወይ ላልሽው፦ ጀምሬአለሁ። ሴት ልጅ ሥራ ቤት ስለማትገባ አይተሽው አታውቂ ይሆናል። ቁራጩ የሚደረደረው በፊቱ ተደፍቶ ነው። ቀለሙ ወደ መሬት ነው፤ የምታዪው ጀርባውን ብቻ ነው፤ ጀርባ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። የቱ ጥቁር፣ የቱ አረንጓዴ እንደነበር በጭንቅላትሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ጀሶ ፈስሶበት፣ ደርቆ፣ እስኪገለበጥ ድረስ ማንም አያርምሽም። ሳልታመም አንድ ሙሉ ግድግዳ እይዝ ነበር። በመርፌው ጊዜ አንድ ኮከብ እንኳ መጨረስ አቅቶኝ ተነሳሁ። አባታችን ሰው ፊት «ተነስ» እንዳሉኝ ነግሬሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የጠርዝ ሐረግ ከዳር እዳር ደረደርኩ። ሲገለበጥ ሁሉም ሥራውን አቁሞ መጣ። አንድ ቦታ ጥቁር በሚገባበት አረንጓዴ ገብቷል። አባታችን ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። «አንድ ስህተት» አሉ። ከዚያ ወደ በሩ እየሄዱ «እኔ በዕድሜው ሁለት እስት ነበር» አሉ። ቤናስር «እኛኮ ለዒድ የምናርደው መስሎን ነበር የምናሰባው፤ ለካስ ያስባል!» አለ።

ዶክተር ሰቃጥ ቃላት አንብባልኝ፣ ሌላ ነገር አውርተን፣ ከዚያ ድገምልኝ ትለኛለች። ከአምናው እጥፍ ያህል ደገምኩ። «መድኃኒቱ ነው ወይስ ሥራው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሁለቱንም አታቋርጥ፤ ያን ጊዜ ማወቅ አያስፈልግህም» አለችኝ።

ስለ ረመዳን ላልሽው፦ እንዳልጾም ነግራኛለች። ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ግን በፈቃዱ ለመጠቀም መጀመሪያ ታምሜአለሁ ማለት አለብኝ። አባታችን የቀትሩን ክኒን ጓሮ፣ ከጀሶው ጆንያ ኋላ ሆኜ እንድውጥ አዘውኛል።

አላል

•

አጋዲር፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2002

አላልዬ፣

እንኳን ለረመዳን ዋዜማ አደረሰህ። አባባ ስለ እጮኝነቴ ነግረውህ የለ? የምትጠይቀኝ ቀኑን ከሆነ፣ በሃያ ሰባተኛው ሌሊት ነው። ሙራድና እናቱ ላላ ታሙ እንደ ወጉ ስጦታ ይዘው መክነስ ይመጣሉ፤ ከኛ ጋር ያፈጥራሉ። እኔም ከነሱ ጋር በመኪና እመጣለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ ነው። እንዴት እንደምጽፈው ሳስብ ሰነበትኩ። ላላ ታሙ በጾም ነገር ጥብቅ ናቸው። ያልጾመ ጎልማሳ ካዩ «ለምን?» ይላሉ፤ ለምን ካሉ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይመዘዋል። የቀትሩን ክኒን ለዚህ ወር ማታ ብታደርገውስ? ደም የሰጠ ሰው ጾሙ ይፈርሳል የሚሉም አሉና እነሱ የሚመጡበትን ሳምንትና ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ማክሰኞ ብትዘልለውስ? ከዒድ በኋላ ታደርሰዋለህ።

ልደብቅህ አይደለም። ላሳይህ ነው። ወንድሜ ይኸውላችሁ፣ ይጾማል፣ ይሠራል፣ የእጁን ሥራ እዩ ልላቸው ነው። አንዴ ካወቁህ በኋላ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን ይዩ፤ በሽታው ይቆይ።

ዶክተሯን አትጠይቅ ማለቴ አይደለም። ግን ብትጠይቃት እንቢ ትላለች።

ዙሁር

•

አጋዲር፣ ዲሴምበር 15 ቀን 2002

አላል፣

ሳልሰናበትህ ለምን እንደሄድኩ በአባባ በኩል አስጠይቀሃል። እንድትጠይቅ የፈቀዱልህ ከሆነ ዋርዱ ውስጥ ሻል ብሎሃል ማለት ነው።

ላላ ታሙ ደህና ናቸው። ተምሩን ከአፋቸው ስትነጥቅ ከንፈራቸው ትንሽ ተጫረ፤ ሌላ የደረሰባቸው የለም። ተመርዟል ብለህ ልታድናቸው እንደነበር አባባ ነግረውኛል። ስለዚያ ምሽት ከዚህ በላይ አትጻፍልኝ፤ እኔም አልጽፍም።

መድኃኒት ቤቱ ያለ ደም ውጤት ክኒን እንደማይሰጥ አስቀድመህ ጽፈህልኝ ነበር። አውጥቼ አየሁት። አንብቤው ረስቼዋለሁ። ባዶ እጅህን ስትመለስ ግን ለምን ለአባባ አልነገርካቸውም? ለምን?

ሳልሰናበትህ የሄድኩት ላላ ታሙ መኪና ውስጥ ገብተው ስለጠበቁኝ ነው። ከፎቁ እስክትወርድ ድረስ ስላንተ ምንም አልነገርኳቸውም ነበር፤ በአፍጥር ላይ ላስተዋውቅህ ነበር ሐሳቤ። ከከተማው ስንወጣ «ያ ልጅ ማነው? ወንድምሽ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለም» አልኳቸው። «ያጎቴ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት አባቴ ናቸው የወሰዱት።»

«አባትሽ ደግ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከደማችሁ መስሎኝ እንዴት ደነገጥኩ!»

«በሽታው በእናቱ በኩል የመጣ ነው ይላሉ።»

ሙራድ ይነዳ ነበር። እንዲህ ስል እናታችንን እንደሰደብኩ የገባኝ ማራከሽ ስንደርስ ነው።

ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ይሁን ብዬ ነው።

ዙሁር

•

መክነስ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2003

እታለም፣

አጭር ነው። ይቅርታ።

ለምን አልነገርክም ላልሽው። መድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ከኋላዬ የሰፈር ሴቶች። ሰውየው ጮክ ብሎ የደም ወረቀትህስ አለኝ። ወጣሁ። ነገ እመለሳለሁ አልኩ። በማግስቱም ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ድምፆቹ መጡና አያስፈልግህም አሉኝ።

ክኒኑ ከትንሹ ተጀምሯል። ቤናስር ቁራጭ ሸክላ አምጥቶልኝ አልጋ ላይ እሞክራለሁ። ሦስት እይዛለሁ። አራተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይሄዳል።

አንድ ነገር ንገሪኝ። የትኛው አጎታችን ነው? አንዱ ሞቷል። ኸኒፍራ ያለው ሚስት አላገባም። የማን ልጅ ነህ ብለው ቢጠይቁኝ እንዳልሳሳት።

አላል

•

አጋዲር፣ ማርች 16 ቀን 2003

አላል፣

ሲ ጂላሊ ነው። ሟቹ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ብዕር አላነሳሁም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሌላውንም ቢጠይቁህ፣ እስካሁን የነገርኳቸው ይህ ነው። ሲ ጂላሊ በሳንባ ሞቱ። አንተ ያኔ ትምህርት ቤት አልገባህም። እናትህ ሌላ አግብታ ናዶር ሄደች። አንዱን ስነግራቸው ሌላውን ይጠይቃሉ፤ እኔም እጨምራለሁ። ላላ ታሙ በጸሎታቸው ያስቡሃል። «ያ የሙት ልጅ ተሻለው?» ይሉኛል።

ሰርጉ ኦገስት ላይ ነው፤ እዚሁ አጋዲር። አባባ «ሙሽራ ከአባቷ ቤት ነው የምትወጣው» ብለው አኩርፈዋል። መክነስ ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆንክ ያውቃል። ምክንያቱን ለአባባ በስልክ ነገርኳቸው። ከዚያ «እሺ» አሉኝ።

ሙራድ «ያጎትሽም ልጅ ይምጣ፤ መታመም ጥፋት ነው እንዴ?» ይላል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ውሸቱ ይቀለኝ ነበር። ና ልልህም አትምጣ ልልህም አልቻልኩም። አንተ ወስን።

ዙሁር

•

መክነስ፣ ጁን 29 ቀን 2003

እታለም፣

እመጣለሁ። አባታችንን በዚያ ጉልበት አውቶቡስ ላይ ብቻቸውን አልለቃቸውም።

ዶክተሯ ምን ትላለች ብለሻል። «ያለፈው ዓመት ድካሜ ሁሉ ጠፋ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሁሉም አልጠፋም። ግን ባቋረጥክ ቁጥር የሚመለሰው እያነሰ ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ የፈረሰውን ይጠግናል ብዬ ልምልልህ አልችልም። አእምሮህ ራሱን ለመጠገን ፋታ ያገኛል፤ ይህን ግን አንተው ላይ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ለምን እንዳቋረጥኩ ስትጠይቀኝ ጾሙ ነው አልኳት። ያንቺን ደብዳቤ አላነሳሁም።

አሁን አንድ ኮከብ እጨርሳለሁ። ሐረጉ ገና ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ አባታችን አብረውኝ ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ መድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ይቆማሉ።

ባለፈው ከሆስፒታል ስንመለስ ቤናስር «ስኳርህ እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። «ስኳር ያለበት ሰው ሻዩ ውስጥ ይህን ሁሉ ስኳር አይከትም፣ አንተ ሞኝ። ሁላችንም እናውቃለን። አርፈህ ክኒንህን ዋጥ» አለኝ። አባታችን ሰምተው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ከጆንያው ኋላ አልሄድም።

አላል

•

መክነስ፣ ኦገስት 24 ቀን 2003

እታለም፣

በደህና ገብተናል። እንኳን አላህ ለዚህ አበቃሽ። አምሮብሽ ነበር። ቃል ሳንለዋወጥ መለያየታችን አያሳስብሽ፤ ሙሽራ ካጎቷ ልጅ ጋር ቆማ አታወራም።

የሙራድ አጎት ይዞኝ መቀመጡን አይተሽ ተጨንቀሻል። የሆነው ይህ ነው። ሰውየው ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው አሉ፤ ወሬ ይወዳል።

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

«የሲ ጂላሊ፣ አላህ ይማራቸውና።»

«በምን ሞቱ?»

«በሳንባ።»

«እናትህስ ትጠይቅሃለች?»

«ለዒድ ለዒድ ትደውላለች።» ይህን አንቺ አልጻፍሽልኝም። ባዶ ሲሆን እንዳይታይ እኔ ጨመርኩት።

በግ ከቀረበ በኋላ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። «እናትህ ኡጅዳ ነው ያለችው ያልከኝ?» «ናዶር ነው ያልኩዎት።» «ሲ ጂላሊ ሲሞቱ አሥር ዓመትህ ነበር?» «ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር።» አንዱን ሳልስት ሁሉንም ይዤ ተቀመጥኩ። ሰውየው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ታሟል ይሉሃል፤ አንተ ከኔ ትሻላለህ!» አለኝ።

አባታችን ፊት ለፊቴ ነበሩ። ሁሉንም ሰምተዋል። ምግቡን አልነኩትም። ሰው ልብ እንዳይል ብዬ «አጎቴ፣ ይብሉ እንጂ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው «ልጄ የምለው ስላሳደግኩት ነው» አሉት። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ቤት ስንገባ ክኒኔን ከውኃ ጋር አምጥተው ሰጡኝ። እንዲህ አድርገው አያውቁም።

ማክሰኞ ዶክተር ሰቃጥ ቃላቱን አንብባልኝ ከሁለት ቃል በቀር ሁሉንም ደገምኩ። ከመታመሜ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። «ምን ስትሠራ ነው የከረምከው?» አለችኝ። «ስደረድር» አልኳት። ደስ ብሏት ስትጽፍ አየኋትና ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ይህን አንብበሽ ቅደጂው። ከእንግዲህ የምጽፍልሽን ባለቤትሽ ቢያነበውም ችግር እንዳይኖረው አድርጌ እጽፈዋለሁ። ላላ ታሙንም እጅ ንሺልኝ።

ያጎትሽ ልጅ፣
አላል

•

አጋዲር፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2003

አላል፣

አልቀደድኩትም።

የሙራድ አጎት ስላንተ ምን እንዳሉ ባትጠይቀኝም ልንገርህ። «ያ ልጅ ምንም አልሆነም፤ ከሁላችን የበለጠ ያስታውሳል» ብለዋል። ሙራድ እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ደስ ይላታል ብሎ ነው። ተነስቼ የታጠበ ሳህን አጠብኩ።

ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ክኒን፣ ያ ሁሉ ማክሰኞ። የተመለሰልህን አእምሮ መጀመሪያ ያሠራሁት ለዚህ ነው። ይቅርታ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሳነበው ራሴን ለማስታገስ የጻፍኩት መሰለኝና ጣልኩት። ከዚህ በኋላ «እናቴ ናዶር ናት» አትበል። እናትህ መክነስ ተቀብራለች፤ እናቴ ናት።

ፖስታ ቤቱ ከቤታችን ሩቅ ነው። ካገባሁ ወዲህ ደብዳቤዬን ወደ ሥራ ሲሄድ የሚያስገባልኝ ሙራድ ነው። ዛሬ ደብዳቤውን ሳልጀምር ፖስታውን ነው አስቀድሜ የጻፍኩት። «መክነስ፣ ለወንድሜ ለአላል» ይላል፤ በትልልቅ ፊደል።

ሙራድ እየታጠበ ነው፤ ሲወጣ እሰጠዋለሁ። የውኃው ድምፅ አሁን ቆመ።

ዙሁር